ቦርሳ የጠጣው ዝናብ

ያን ቀን ጠዋት የዘነበውን ዝናብ ካፊያ ነበር ብሎ የሚያወራ ሰው ካለ፣ እዚያ ያልነበረ ነው። መንገዱን ወንዝ፣ ወንዙን ባሕር ያደረገ ዝናብ ነበር። መኪናው መንደሩ መግቢያ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ካርታ ሠሪው ወርዶ የቀረውን መንገድ በእግሩ ተያያዘው። በሽቦ የታጠረችውን ትንሽ ግቢ ሲያገኝ አዲስ አህጉር ያገኘ ያህል ደስ አለው።

ትከሻውን ያጎበጠው ቦርሳ ውስጥ ኮምፒውተር አለ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ የአገሩ ሙቀትና ዝናብ፣ ዳገትና ሜዳ በሙሉ አለ። ይህን የመሰለ ሀብት ጭቃ ላይ አይጣልም። ዙሪያውን ቢያይ እንደ ባልዲ ክብ የሆነች፣ ወገቡ ድረስ የምትደርስ ብረት ቀጥ ብላ ቆማለች። ለቦርሳ ማስቀመጫ ተብላ የተሠራች ነው የምትመስለው። ቦርሳውን እላይዋ አኖረና የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ።

«ጌታዬ፣ ቦርሳዎን ያንሱልኝ።»

ቀና ሲል አያት። ቁንጅናዋን በደንብ ለመናገር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ያስፈልጋል። ባጭሩ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ የዝናብ ካፖርት ለብሳ፣ ከጉልበቷ በታች ጭቃ ብቻ ሆና፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ እንኳ ሰማዩ ላንድ አፍታ መዝነቡን ረስቶ ያያት መሰለው።

«ይቅርታ። ጭቃ እንዳይነካው ብዬ ነው።»

«ይገባኛል። ግን ያስቀመጡት የዝናብ መለኪያው አፍ ላይ ነው።»

ካርታ ሠሪው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዝናብ ቁጥር ጋር ሲበላና ሲጠጣ የኖረ ሰው ነው። ከሺህ ጣቢያዎች የመጣ ቁጥር በእጁ አልፏል። የዝናብ መለኪያ ግን አንድም ቀን በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር። ቦርሳውን እንደ ጋለ ድስት አነሳው።

«ስንት ደቂቃ ሆነው?»

«ሁለት... ቢበዛ ሦስት።»

«ሦስት ደቂቃ ሙሉ ዝናቤን ቦርሳዎ ጠጣው።»

«ትንሽ በግምት ይጨምሩበታ።»

እናትሽን ሽጪ እንዳላት አየችው። «በግምት?»

መልስ አልጠበቀችም። ሰዓቷን አየች፤ ልክ ሦስት ሰዓት። ብረቷን ከፈተች፣ ውስጥ የነበረውን ውሃ ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠች፣ ብርጭቆውን ዓይኗ ትክክል አድርጋ አነበበች። ከዚያ በላስቲክ የተጠቀለለውን መዝገብ ከካፖርቷ ሥር አውጥታ እየጻፈች ጮክ ብላ አነበበችለት።

«ማስታወሻ፦ የዛሬው ልኬት ጎደሎ ነው። ምክንያት፦ ቦርሳ። የማን ልበል?»

«የካርታ ሠሪው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት።»

እርሳሷ ቆመ። «እኔ ደግሞ ይህን ጣቢያ የምመዘግበው ነኝ። ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ለሩዝ የሚሆነውን መሬት እየለየን ነው። አገሩን በአየር ጠባዩ ቀጠና ቀጠና እንከፍለዋለን። ሙቀቱ፣ ዝናቡ፣ አፈሩ ከተስማማ አረንጓዴ እንቀባዋለን። ካልተስማማ ቀይ። ዘሩም፣ ባለሙያውም፣ ቦዩም የሚሄደው አረንጓዴው ወዳለበት ነው።»

«የኛስ ሸለቆ?»

ይህን ጥያቄ እሷ ባትጠይቀው ምን ነበረበት!

«ነጭ ነው» አላት።

«ነጭ ምን ማለት ነው?»

«መረጃ የለም ማለት ነው።»

መዝገቡን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት እዚህ ቆሜያለሁ» አለች፤ ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። «ታምሜ ቆሜያለሁ። እናቴን በቀበርን ማግስት ቆሜያለሁ። መረጃ የለም?»

«ቁጥሩማ ደርሶናል። ግን... ኮምፒውተሩ አላመነውም። ጣቢያችሁ ተራራ ላይ ነው ተብሎ ነው የተመዘገበው። በዚያ ከፍታ ሙቀቱ ዝቅ ማለት አለበት፤ የናንተ ግን ሁለት ዲግሪ ይበልጣል። አለቃዬ “ሂድና እይ፤ ለምን እንደሆነ ካወቅህ አስገባው፣ ካላወቅህ ነጭ ይቅር” ብላኛለች። ካርታው ሰኞ ይታተማል።»

ዓይኖቿ ላንድ አፍታ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ሄደው ተመለሱ። ካርታ ሠሪው ዓይኖቿን አየ። የሄዱበትን አላየም። ከአንገቱ ላይ ቦታና ከፍታ የምትናገር፣ መዳፍ የምታህል መሣሪያ ተንጠልጥላለች። ሌላ ቦታ ሲደርስ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ የሚያበራት እሷን ነበር። ያን ቀን አላበራትም። በማግስቱም እስከ ከሰዓት በኋላ አላበራትም። የዚህ ሁሉ ጣጣ ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው።

«ኮምፒውተሩ አያውቀኝም» አለችው። «እርስዎ ግን መጥተዋል። መዝገቡን ሁሉ ያንብቡ። ከዚያ ነጭ የሚሉ ከሆነ፣ ያኔ ይበሉ።»

*

ሩዙ ለዚያች ሸለቆ ቀልድ አልነበረም። ሜዳው ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው መሬቱ ላይ ይተኛና አራት ወር አይነሳም። በቆሎ ቢዘሩ ይበሰብሳል፣ ባቄላ ቢዘሩ ይሰምጣል። ጎረምሶች አንድ በአንድ ወደ ከተማ እያሉ፣ መንደሩ ውስጥ ኳስ የሚጫወት ሁለት ቡድን መሙላት ካቃተ ቆይቷል። ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚስቅ ሰብል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሩዝ ነው።

የመዝጋቢዋ አባት በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ሠላሳ ዓመት ዝናብ ለክተው ሥራውን ለልጃቸው ያስረከቡ ሰው ናቸው። መንደሩ «ጋሽ ሚሊሜትር» ይላቸዋል፤ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው አለ ቢባል ውርርድ ይገባል። ቀኝ እግራቸው አይታጠፍም። ሲቀመጡ በርጩማ ላይ ዘርግተው ነው።

«ግባ፣ ግባ ልጄ። ቦርሳህን ግን ውጪ ተወው፤ ውሃ ይጠጣል አሉ።»

«አባዬ» አለች ልጃቸው።

«ምን አልኩ? ለእንግዳ ቀልድ አይነፈግም።»

ግድግዳው ላይ በመስታወት የተከበበ የምስክር ወረቀት አለ፦ «ለሠላሳ ዓመት እንከን የለሽ አገልግሎት»። ጋሽ ሚሊሜትር እንግዳ ሁሉ ትክክል ፊቱ እንዲያየው አድርገው ነው ወንበሩን የሚያስቀምጡት። ከወረቀቱ ሥር መዝገቦቹ ተደርድረዋል። ካርታ ሠሪው ሻይ ቀረበለት፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፣ የመጀመሪያውን ገለጠ።

መሥሪያ ቤቱ የሚደርሰው ቁጥሩ ብቻ ነበር። በቁጥሩ ጎን «ማስታወሻ» የሚል ጠባብ ዓምድ እንዳለ ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። አባትየው እንዲህ ይጽፉ ነበር፦

«የዛሬው ውሃ ተደፍቷል። የደፋችው ፍየል ናት። ፍየሏ የጎረቤት ናት። ጎረቤቱ ይቅርታ ጠይቋል። ፍየሏ አልጠየቀችም።»

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የእጅ ጽሑፉ ተለወጠ፤ ደቀቅ አለ፣ ቀና አለ።

«5.2። ቀስ ያለ ዝናብ ነው። የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ በጣቱ የሚራመድ ይመስላል።»

«0.0። እናቴን ቀበርን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እንዴት እንደቻለ አላውቅም።»

«0.0። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ቃል ገብቶ ዋለ። አልፈጸመም። እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ።»

ካርታ ሠሪው በሕይወቱ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንብቦ አያውቅም ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሌላ ቀረበለት፤ እሱም ቀዘቀዘ። የመጨረሻውን መስመር ግን ሦስት ጊዜ አነበበው።

«ይሄ ሰው ማነው?» አላት ከሰዓት በኋላ ስትገባ፣ ለሥራ የሚጠይቅ መስሎ።

«የቱ?»

«ቃል ገብቶ ያልፈጸመው።»

ጎንበስ ብላ አነበበች። «ዘር አመጣለሁ ብሎ የቀረ ነጋዴ ነው። ስልሳ ዓመቱ ነው። ለካርታው ያስፈልጋል?»

«አይ... ለጠቅላላ ዕውቀት ነው።»

ጋሽ ሚሊሜትር ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እንዲህ ያለ ሳል ሰባት ቤት ይሰማል።

*

በማግስቱ ከልኬቱ በኋላ ወደ ጓሮ ወሰደችው። አንሶላ የምታህል መደብ ላይ፣ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ሩዝ ቆሟል። ከፊሉ ወርቅ መስሏል፣ ከፊሉ ገና ያብባል። አራት ዘለላ ቢሆን ነው፤ እሱ ግን ማሳው አድማስ የደረሰ መሰለው።

«አንድ እፍኝ ዘር ከባለሙያ ለምኜ ነው» አለች። «ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ይዩት፣ አሁን እያበበ ነው። በቀን የሚከፈተው እንዲህ ረፋዱ ላይ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው።»

ሁለቱም ቁጢጥ አሉ። አበባው ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳል። ለማየት ራስ ለራስ መጠጋጋት ያስፈልግ ነበር፤ ባያስፈልግም ይጠጋጉ ነበር።

«ልታብብ ስትል ሌሊቱ ከቀዘቀዘባት ፍሬዋ ባዶ ይቀራል» አለች።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሙቀቱን የምንፈልገው።»

ከበሰለው ዘለላ አንድ ፍሬ ቀጠፈች፣ በጣቶቿ ፈልፍላ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ይንከሱት።»

ነከሰው። ጥርሱ ሥር ቀጭ አለ።

«ባዶ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«እንግዲያው ሌሊታችን አይበርድም። ኮምፒውተርህን አስነክሰው።»

ካርታ ሠሪው «ኮምፒውተርህን» ያለችውን ሰማ። ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ «እርስዎ» እንዳለችው ቆጥሮ ነበር፤ ሠላሳ አራት ጊዜ። አሁን ቆጠራው ተቋረጠ። ሹመት የተሰጠው ሰው እንኳ እንዲህ ፊቱ አይበራም።

«እኔ የማምንሽ ይመስለኛል» አላት።

«ይመስለኛል በመዝገብ አይጻፍም።»

«አምንሻለሁ።»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሌላ ፍሬ መፈልፈል ጀመረች፤ ጣቶቿ ግን ገለባውን ትተው ፍሬውን ጣሉት።

*

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው ክፉው ገጽ የተገለጠው።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በተጻፈው መዝገብ ውስጥ ሦስት ቀን ባዶ ነው። ቁጥር የለም። ማስታወሻም የለም። ፍየሏ እንኳ ከነባለቤቷ በተመዘገበችበት ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ያለ ምክንያት ባዶ። ካርታ ሠሪው ቁጥሮቹን አስተያየ። ከሦስቱ ቀን በፊት ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ተራራ ላይ መሆን እንዳለበት ልክ። ከሦስቱ ቀን በኋላ ግን ሁለት ዲግሪ ዘሎ፣ እስከ ዛሬ አልወረደም።

ጋሽ ሚሊሜትር ጓዳ ገብተው ጋደም ብለው ነበር። መዝገቡን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። እሷ ነጩን የቴርሞሜትር ሳጥን ትወለውላለች።

«እነዚህ ሦስት ቀናት ምን ሆኖ ነው?»

እጇ ቆመ። ወደ ቤቱ አየች፣ ወደ መሬት አየች።

«አላውቅም። ያኔ የኔ ሥራ አልነበረም።»

አሥራ አንድ ዓመት ያልዋሸ ሰው ሲዋሽ ያስታውቃል።

«ከነሱ በኋላ ሙቀቱ ዘሏል። አንቺ ከመረከብሽ ሦስት ዓመት በፊት። የሆነ ነገር ተደርጓል።»

«አላውቅም አልኩህ።»

«ሰኞ ይታተማል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ንገሪኝና ላስገባው።»

መወልወሏን ቀጠለች።

ካርታ ሠሪው ብልህ ሰው ነው፤ በአገሩ ከሱ የተሻለ ካርታ ሠሪ የለም፤ ኖሮ ከሆነም ጡረታ ወጥቷል። ብልህ ሰው ሲሳሳት ግን ትንሽ አይሳሳትም።

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር... ቤት ተቀምጦ የተጻፈ ነው ማለት ነው?»

ጨርቁን አጠፈችው። በአራት አጠፈችው፣ በስምንት አጠፈችው።

«ዛሬ ጠዋት አምንሻለሁ ያልከኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ግን...»

«ቦርሳህን ያዝና ሂድ። ነጩን ቀባው። ነጭ ቀለም ያልቅብሃል ብዬ አላስብም።»

የግቢውን በር እሷው ከፈተችለት፣ እሷው ዘጋችው። በሩ የሽቦ ነው፤ ካርታ ሠሪው ግን የብረት መዝጊያ ደረቱ ላይ እንደተዘጋ ነው የተሰማው።

*

ለአለቃው ሊደውል ፈለገ። የመንደሩ ባለሱቅ «ስልክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ሰዓት ዳገት ነው» አለው። አንድ ሰዓት መባሉ ለፍየል ይሆናል። ካርታ ሠሪው ሳንባውን በእጁ ይዞ ነው ጫፉ ላይ የደረሰው። ሣር የዋጠው አንድ ሲሚንቶ ላይ ዘጭ አለ።

እዚያው እንደተቀመጠ ስልኩን አወጣና «ነጭ ይቅር» የሚለውን ቃል ሊለማመድ ሞከረ። አልወጣ አለው። እጁ ያለ ሐሳቡ ሣሩን ሲነጭ፣ ሲሚንቶው ላይ የቀለም ቁጥር ብቅ አለ። ቁጥሩን በሕልሙም ቢሆን ያውቀዋል። የዚያች ጣቢያ ቁጥር ነበር። ከጎኑ የተቆረጠ የብረት እግር፤ ትንሽ ራቅ ብሎ የሳጥኑ አራት እግሮች የቆሙባቸው አራት ጉድጓዶች።

ያን ጊዜ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችውን መሣሪያ አስታወሰ። አበራት። የተናገረችው ከፍታ መሥሪያ ቤት ከተመዘገበው ጋር አንድ ሜትር አይለያይም።

ቁልቁል አየ። ሦስት መቶ ሜትር ታች፣ ሳጥኗ እንደ ስኳር ኩብ ነጭ ሆና ትታያለች። አጠገቧ አንዲት ትልቅ ካፖርት የለበሰች ሴት ብቻዋን ቆማለች።

የማይታጠፈው ጉልበት ትዝ አለው። በየቀኑ ይህን ዳገት። ለካ ጣቢያዋ አልዋሸችም፤ ወርዳ ነው። ቁጥሩ ሁሉ እውነት ነው፤ የተሳሳተው አድራሻው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከፍታ የምትናገር መሣሪያ አንገቱ ላይ አስሮ፣ ኮረብታ ላይ ነኝ ብሎ አምኖ ነበር!

ለምን ዝም እንዳለችም ገባው። ጣቢያ ያለ ፈቃድ ማንቀሳቀስ በመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ጥፋት ነው። እንከን የለሽ የሚለው ወረቀት ከግድግዳው ሊወርድ ነው። ሸለቆዋ አረንጓዴ ብትሆን፣ ዋጋውን የሚከፍሉት አባቷ ናቸው።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሲወርድ አልተራመደም፤ ተንከባለለ ማለት ይሻላል።

*

እንደቆመች አገኛት። ልብሱ ሁሉ ሣርና ጭቃ ነው።

«ምን ሆነሃል?»

«ኮረብታው ላይ ነበርኩ» አላት። «ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ።»

ፊቷ ተለዋወጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባቴ ነው» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር።

«ላልኩሽ ነገር ይቅርታ አድርጊልኝ። ምላሴን ቆርጬ ብሰጥሽ ደስ ይለኛል።»

«ምን አደርግበታለሁ፣ የራሴም አስቸግሮኛል።» ሳቅ ሊመጣ ብሎ ከንፈሯ ላይ ቆመ። «አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

ድምጹን ዝቅ አደረገ። «አስቤበታለሁ። ከፍታውን እኔ በጸጥታ አስተካክለዋለሁ። ድሮ ሲመዘገብ የተሳሳተ ነው እላለሁ። የሚጠይቅ የለም። ሸለቆዋ አረንጓዴ ትሆናለች፣ አባትሽም ሰላም ያድራሉ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ለእኔ ብለህ ነው?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«እንዲህ ያለ ነገር ማንም አድርጎልኝ አያውቅም» አለችው። «ግን አይሆንም።»

«ለምን?»

«ከመውረዱ በፊት ያለው የኮረብታው ቁጥር ነው። አሁን ሁሉንም የሸለቆ ነው ብትለው ያ ውሸት ይሆናል። አንድ ውሸት ከገባበት፣ አሥራ አንድ ዓመት የቆምኩትን ማን ያምነኛል? አንተ ራስህ ታምነኛለህ?» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አባቴን አላዋርድም። መዝገቡንም አላበላሽም። ነጭ ይቅር። ሂድ... መልካም መንገድ።»

«እኔ ሳልሞት ማን ተዋረደ?»

ሁለቱም ዞሩ። ጋሽ ሚሊሜትር በሩ ላይ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ያ የአሥራ አራት ዓመቱ መዝገብ። መስኮቱ ክፍት ነበር ለካ።

«አባዬ፣ ተኝተህ...»

«ሁለት ሰው ግቢዬ ውስጥ ሲላቀስ እንዴት ልተኛ? እርሳስሽን አምጪ።»

«አባዬ፣ ተወው።»

«እርሳስሽን አልኩ።»

ከጆሮዋ ላይ አውጥታ ሰጠቻቸው። አሮጌው ሰው ሳጥኑ ጣሪያ ላይ መዝገቡን ዘረጉ። ሦስቱን ባዶ ቀናት አገኙ።

«እናትሽ ያኔ “ጻፈው” ብላኝ ነበር» አሉ። «ፈራሁ። ከሥራ ያወጡኛል ብዬ ፈራሁ። ካላወረድኩት ደግሞ ዳገቱ ሊገድለኝ ነው። ሦስት ቀን በአህያ አወረድኩት። በሕይወቴ ምክንያት ሳልጽፍ ያለፍኩት እነዚህን ሦስት ቀናት ብቻ ነው። እናም ልንገራችሁ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ይታዩኛል።»

ጻፉ። ቀስ ብለው፣ ፊደሉን እያሳመሩ፣ እንደ ድሮው።

«ማስታወሻ፦ ልኬት የለም። ሳጥኑ አህያ ላይ ነበር። ጣቢያው ከኮረብታው ወደ ሸለቆው ወርዷል። ያወረድኩት እኔ ነኝ። ምክንያት፦ ጉልበት።»

ከሥሩ ፈረሙ። የዛሬውን ቀንም ጻፉበት፣ ዘግይተው መጻፋቸው እንዳይሰወር።

«ይኸው» አሉት ካርታ ሠሪውን። «አሁን የኮረብታውን ለኮረብታው፣ የሸለቆውን ለሸለቆው ስጥ። ይበቃሃል?»

ካርታ ሠሪው ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ... ወረቀትዎ ግን...»

«የቱ? ግድግዳው ላይ ያለው?» አሮጌው ሰው ወደ ቤት እየገቡ ነው። «ግድግዳው ተሰንጥቆ፣ መሸፈኛ ብዬ ነው የሰቀልኩት።»

ልጃቸው ተከትላ ሄዳ ከኋላቸው አቀፈቻቸው። ካርታ ሠሪው ፊቱን ወደ ዝናብ መለኪያው አዞረ። እነዚያ ሁለቱ እስኪለቃቀቁ ድረስ ስለ ዝናብ መለኪያ አሠራር ዓለም ላይ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልቀረም።

ሲሄድ እስከ መኪናው ሸኘችው።

«ትመለሳለህ?» አለችው።

«እመለሳለሁ።»

«መዝገቤ ላይ እጽፈዋለሁ። ካልመጣህ ከነጋዴው ጎን ነው የምትሰፍረው።»

*

አለቃየዋ ጥብቅ ሴት ናት፤ ስታስነጥስ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ብድግ ይላል። እሑድ ቤቷ ድረስ ሄዶ የመዝገቡን ገጾች ፎቶ አሳያት። አንዴ አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ደግማ አነበበችው።

«ደንብ ደንብ ነው። ለሽማግሌው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፋል» አለች።

«እሺ።»

«ቁጥሩን ደግሞ ለሁለት ከፍለህ ሰኞ ከማተሚያው በፊት አስገባ።» ከዚያ ድምጿ ትንሽ ለዘብ አለ። «ፍየሏስ? ይቅርታ ሳትጠይቅ ቀረች?»

ቁጥሮቹን አስገባ። ኮምፒውተሩ አሰበ። ሲያስብ የፈጀው ጊዜ ለካርታ ሠሪው ከአሥራ አራቱ ዓመት ረዘመ። በመጨረሻ ከነጩ መሐል አንዲት ነጥብ አረንጓዴ ሆነች፤ ሰፋች፣ ተዘረጋች፣ ሸለቆዋን ከዳር እስከ ዳር ሞላቻት። ከቀለሙ ሁሉ የደመቀው፣ «እጅግ ተስማሚ» የሚባለው አረንጓዴ ነበር። አጠገቡ ባለው ጠረጴዛ ላይ የነበረው ባልደረባው «ለአንዲት ሸለቆ ታለቅሳለህ እንዴ?» አለው። ዓይኑ ስክሪን በዝቶበት እንደሆነ ነገረው።

ካርታው ታትሞ፣ ዘሩ ከየትኛው ሸለቆ እንዲጀመር ተወስኖ፣ ከዘሩ ጋር የሚሄደው ባለሙያ እስኪመደብ ሁለት ወር ፈጀ። የተመደበውም ራሱ ነው። አልለመነም፤ አለቃየዋን በቀን አራት ጊዜ ብቻ ነው የጠየቃት።

ሲደርስ ያንኑ ዝናብ ይዘንባል። ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀራል። በሽቦው በር ገባና ከዝናብ መለኪያው አሥር እርምጃ ርቆ፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በአንድ እግር የቆመ ሽመላ መስሎ ጠበቀ።

ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። አየችው። አልፋው ሄደች። ብረቷን ከፈተች፣ ውሃውን ገለበጠች፣ አነበበች፣ ጻፈች። ሥራ ሥራ ነው። ከዚያ ነው የዞረችው።

«ለምን እዚያ ቆምክ?»

«እንዳልጠጣብሽ።»

«ካርታው?»

ከቦርሳው የተጠቀለለውን ወረቀት አወጣ። ካፖርቷን ከፍ አድርጋ ጣሪያ ሠራችለት፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ካፖርት መሆኑ ከመጀመሪያው ተነግሯል። ሁለቱም ሥሩ ገብተው አዩት። ጣቷን በአረንጓዴው ላይ ቀስ ብላ አስኬደችው፣ የገዛ ልጇን ፊት እንደምትነካ።

«ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?»

«አንቺ ነሽ። ካርታው ላይ ጣቢያ ሁሉ ነጥብ ነው።»

«አንተስ የት ነህ?»

«እኔ ካርታው ላይ ቦታ የለኝም። እንዳልጠፋ ነጥቧ አጠገብ ልኑር ብዬ ነው የመጣሁት... ከፈቀድሽልኝ። ዕድሜ ልኬን።»

ካፖርቱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከበሮ መሰለ። ካርታውን መልሳ ጠቀለለችው፤ ጠቅልላ እስክትጨርስ ለሱ ሦስት ክረምት አለፈ።

«ቦርሳህን ስጠኝ» አለችው።

ሰጣት። ቤት ይዛው ገባች። በሩ ጀርባ ካፖርቷ በሚሰቀልበት ሚስማር አጠገብ ሌላ ሚስማር ተመትቷል፤ አዲስ ነው፣ ገና ያብረቀርቃል። ቦርሳውን እሱ ላይ ሰቀለችው።

ጋሽ ሚሊሜትር እግራቸውን በርጩማቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከጀርባቸው በእንከን የለሹ ወረቀት ጎን የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በመስታወት ተከቦ ተሰቅሏል።

«ሁለተኛ ስንጥቅ ነበር» አሉት፣ ሲያየው አይተው።

ልጃቸው መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አንድ መስመር ጨመረች። አሮጌው ሰው አንገታቸውን አሰገው አነበቡት።

«18.6። ጥሩ ዝናብ ነው። የጎደለ የለም። ማስታወሻ፦ ቦርሳው ገብቷል።»

«ይሄ የአየር ጠባይ ነው?» አሉ።

«ነው፣ አባዬ» አለች። «የቤታችን።»

አሮጌው ሰው ጥቂት አሰቡና እርሳሱን ወሰዱ። ከሥሩ በዚያ ባማረ ፊደላቸው «አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው» ብለው ጻፉና ፈረሙበት።